«ኢንጂነር ነኝ፤ ግን ወዴት እየሄድኩ እንደሆነ አላውቅም»

(ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥረነዋል። ጸሐፊዋን ሊያሳውቁ የሚችሉ ነገሮችም ወጥተዋል።)

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን አነባለሁ፤ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዘንድሮ ሠላሳ ሞላኝ። ሲቪል ኢንጂነር ነኝ። አንድ ኮንትራክተር ዘንድ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ሳይት ላይ፣ አሁን ኦፊስ ኢንጂነር ሆኜ። ሲቪልን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። አሥረኛ ክፍል ጥሩ ውጤት መጣልኝ፤ ጎበዝ ተማሪ ናቹራል ነው የሚገባው ተባለ፤ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ምደባ ነው።

አሁን ካሉን ሳይቶች ሁለቱ ቆመዋል። ደመወዝ ሁለት ወር እየዘገየ ነው የሚገባልን። ጓደኞቼ ተበትነዋል። አንዷ ካናዳ ገባች። አንዱ ፕሮግራመር ሆኖ ቤቱ ቁጭ ብሎ በዶላር ይከፈለዋል። ሌላዋ ቲክቶክ ላይ ልብስ እየሸጠች ከእኔ ሦስት እጥፍ ታገኛለች። እኔም የአምስት ሚሊዮን ኮደሮቹን ኮርስ ጀምሬ ሁለቱን ጨርሻለሁ። አልጠላሁትም፤ ወድጄዋለሁም አልልም። ሥራዬን ለቅቄ ኮዲንግ ላይ ላተኩር? ማስተርስ ልማር? ወይስ ባለሁበት ልቆይ? ሰው ሁሉ ‹ፍላጎትሽ ምንድነው?› ይለኛል። እሱን ባውቅ ምን አስጨነቀኝ!

ባለፈው ዓመት አንድ ነገር ብቻ ደስ ብሎኝ ሠራሁ። ግንባታውን የሚያሠራው መሥሪያ ቤት የጊዜ ማራዘሚያ ከልክሎን ነበር። የሁለት ዓመት ደብዳቤና ሳይት ቡክ (የሳይቱን የቀን መዝገብ) አገላብጬ፣ ሲሚንቶ የጠፋባቸውን ቀናት አንድ በአንድ አውጥቼ ክሌሙን፣ ማለትም ይገባናል የምንለውን ጥያቄ፣ ጻፍኩት። ሌሊት ሁሉ እሱን ሳስብ አድር ነበር። ሥራውን የሚቆጣጠረው አማካሪ ተቀበለው። ግን እሱ ሥራ አይባልም፤ ወረቀት ነው።

እናቴ ሰፈር ውስጥ ‹ኢንጂነሯ ልጄ› ነው የምትለኝ። ታናሽ ወንድሜን የማስተምረው እኔ ነኝ። የእቁብ ተራዬ ጥር ላይ ነው፤ እሱን ይዤ ሥራ ልልቀቅ እያልኩ ነው። ምን ይሉኛል?

ግራ የገባት፣ ከአያት

የረሳሁት፦ አንድ ዘመዳችን ‹ፖላንድ የሥራ ቪዛ አለ፣ 250 ሺህ ብር አዘጋጂ› ብሎኛል። እሱንስ?»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በተለይ ደጋግሜ ያነበብኩት ግን አንቺ ትኩረት የሰጠሽውን ክፍል አይደለም። ስለ ኮዲንግ፣ ስለ ማስተርስ፣ ስለ ጓደኞችሽ ስትጽፊ ቃላትሽ የደከመው ሰው ቃላት ናቸው። ክሌሙ ላይ ስትደርሺ ግን ሌላ ሰው ሆንሽ። ሳይት ቡክ ማገላበጡን፣ ቀኖቹን አንድ በአንድ ማውጣቱን፣ ሌሊት ማሰቡን ሁሉ ነገርሽኝ። ከዚያ ወዲያው አፍረሽ «ወረቀት ነው» ብለሽ አለፍሽው።

እኔ ግን አላልፈውም።

አሁን አገራችን ውስጥ ኮንስትራክሽን ላይ ገንዘቡ ያለው እዚያ ወረቀት ላይ ነው። አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ግን ከውስጥ ሆኖ አይታይም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ቀን በፊት ዋጋ ቆርጦ የፈረመ ኮንትራክተር ሴራሚኩን፣ አሉሚኒየሙን፣ የኤሌክትሪክ ዕቃውን፣ ሊፍቱን በአዲሱ ዋጋ ነው የገዛው። ከዚያ በፊትም ሲሚንቶ የጠፋበት ጊዜ ነበር፤ አንቺው የቆጠርሽው። እነዚህ ሁሉ ውል ላይ ጥያቄ ያስነሣሉ። ማን ይክፈል? ስንት ቀን ይጨመር? ቅጣት ይነሣ ወይስ ይቆረጥ?

ቅጣቱን ደግሞ አስቢው። በመንግሥት ግንባታ ውል የመዘግየት ቅጣት በተለምዶ በየቀኑ ካልተሠራው ሥራ ዋጋ ከሺህ አንድ ነው፤ ጣሪያው የውሉ 10 በመቶ። የ300 ሚሊዮን ብር ሕንፃ ከሆነ ጣሪያው 30 ሚሊዮን ነው። አንቺ የሁለት ዓመት ደብዳቤ አገላብጠሽ ያስገኘሽው ቀን ለድርጅትሽ ስንት ብር እንዳዳነ አስልተሽዋል? ካላሰላሽው ዛሬ ማታ አስዪው። ለእኔ ሳይሆን ለሲቪሽ።

ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ሰው ዓይነትም የታወቀ ነው። ሳይት ላይ ጭቃ የረገጠ፣ ስለዚህ ፎርማኑ «ዛሬ አርማታ አልሞላንም» ሲል ለምን እንደሆነ የሚገባው። ደግሞ ቁጭ ብሎ ፋይል የሚያገላብጥ ትዕግሥት ያለው። ደግሞ የሚጽፍ። ሦስቱን አንድ ላይ የያዘ ኢንጂነር ብዙ የለም። ብዙዎቹ ደብዳቤ መጻፍ እንደ ቅጣት ነው የሚያዩት። በ1999ኙ የፊዲክ ውል (ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ናሙና ነው፤ ዓመቱ የፈረንጅ ነው) ኮንትራክተሩ ጥያቄ እንዳለው ምክንያቱን ባወቀ በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካላሳወቀ መብቱ ይቀርበታል። ስንት ኮንትራክተር ነው ሥራውን ሠርቶ፣ ኪሳራውን ተሸክሞ፣ አንድ ገጽ ደብዳቤ በጊዜው ባለመጻፉ ባዶ እጁን የቀረው? አንቺ እኮ ያንን ገጽ የምትጽፊ ሰው ነሽ።

እንግዲህ «ፍላጎትሽ ምንድነው?» ስለሚለው ጥያቄ።

ይህ ጥያቄ ያንቺን ትውልድ ብዙ አሠቃይቷል። አንቺ ዩኒቨርሲቲ የገባሽበት ዘመን ሰባ ሠላሳ የሚባለው ምደባ የሚሠራበት ነበር፤ ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ። ከሰባው ውስጥ ትልቁ ድርሻ፣ አርባው፣ ኢንጂነሪንግና ቴክኖሎጂ ነበር። አገሪቱ የምትፈልገው ቁጥር ቀድሞ ተወስኖ ነበር፤ እናንተ ቁጥሩን ሞላችሁ። ምን እንደምትወዱ የጠየቃችሁ አልነበረም። ታዲያ ከአሥራ ምናምን ዓመት በኋላ ሠላሳ ስትሞሉ ድንገት ሁሉም ሰው ተነሥቶ «ፍላጎትሽ ምንድነው?» ይላል። መልስ ቢጠፋሽ ይገርማል?

የኔ አስተያየት፣ ይህን ጥያቄ ለጊዜው ተይው። በሌላ ቀይሪው። ባለፉት ስድስት ዓመታት ማንም ሳያስገድድሽ ከሰዓት በላይ የቆየሽበት ሥራ የትኛው ነው? ሰው ሲያበላሸው የሚያናድድሽስ? (ይሄኛው ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰው ግድ የማይሰጠው ነገር ሲበላሽ አይናደድም።) ባልደረቦችሽ «እስቲ ይቺን እይልኝ» ብለው የሚያመጡልሽ ምንድነው? ከእነዚህ መልሶች ውስጥ አቅጣጫ ይወጣል። ምናልባት ልብ የሚያዘልል አቅጣጫ አይሆንም። ግን የራስሽ ነው፤ የጓደኞችሽ አይደለም።

ጓደኞችሽን ካነሣን ዘንድ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ። ካናዳ የገባችው ልጅ የመጀመሪያውን ክረምት እንዴት እንዳሳለፈችው አልነገረችሽም። በዶላር የሚከፈለው ልጅ ስንት ዓመት ያለ ክፍያ እንደተለማመደ አላየሽም። ልብስ የምትሸጠዋ ያልተሸጠላትን ዕቃ ላይቭ ላይ አታሳይም። በእነሱ ደስ ይበልሽ፤ ግን በእነሱ ካርታ አትሂጂ።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ደብዳቤሽ ውስጥ ሦስት ነገር ተደበላልቋል። አንደኛው ድርጅትሽ ነው፤ ደመወዝ ይዘገያል፣ ሳይት ቆሟል። ሁለተኛው ሙያው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሠላሳ መሙላትሽ ነው፤ ከእሱ ጋር የሚመጣው የሰርግ ጥሪ፣ የዘመድ ጥያቄ፣ «እስከ መቼ» የሚባለው ነገር። ሦስቱ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። ሠላሳ መሙላት መድኃኒት የለውም፣ አያስፈልገውምም። የድርጅቱ መድኃኒት ሌላ ድርጅት ነው። ሙያ መቀየር የሚገባው ሙያው ራሱ ሲጠላ ነው። እኔ እንዳነበብኩት ከሆነ ቅሬታሽ አብዛኛው ድርጅቱ ላይ ነው። ደመወዝሽ በወሩ መጨረሻ ቢገባ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ትጽፊው ነበር? እስቲ ለራስሽ መልሺ።

ለዚህ ነው ከመዝለልሽ በፊት ጎረቤቱን ቤት እዪ የምልሽ። ከሲቪል ሳይወጡ ከአሁኑ ወንበርሽ የሚወጣባቸው በሮች አሉ። በጣም ቅርቡ ያው የውል አስተዳደር ነው፤ ክሌም፣ የዋጋ ማስተካከያ፣ ፔይመንት (ለተሠራው ሥራ የክፍያ ጥያቄ ማዘጋጀት)። ኮንትራክተር ዘንድ አለ፣ አማካሪ ድርጅት ዘንድ አለ፣ ግንባታ የሚያሠሩ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ዘንድም አለ። ከኮንትራክተር ወደ አማካሪ የሄደ ሰው ጥቅም አለው፤ ኮንትራክተሩ የት የት እንደሚደብቅ ያውቃል። ኢንሹራንስ አለ። የእርዳታ ድርጅቶች የውኃና የግንባታ ፕሮጀክት አለ፤ እዚያ ሪፖርት መጻፍ የሚችል ኢንጂነር ይወደዳል።

ባንክም አለ። ባንክ ስል ካሸር እንዳይመስልሽ። ባንኮች ለብድር በዋስትና የሚያዝ ቤትና ሕንፃ የሚገምቱ ኢንጂነሮች ይቀጥራሉ። እዚህ ሥራ ላይ ያለች አንዲት ልጅ አውቃለሁ፤ እሷም ከሳይት የመጣች ናት። ካርታውንና ፕላኑን ይዛ ትሄዳለች። ሌዘር ሜትሯን ታወጣለች፣ ፎቶ ታነሣለች፣ ኮለኑን ታያለች፣ ጣሪያ ላይ ትወጣለች። አንድ ቀን ፈቃዱ ላይ ጂ ፕላስ ሁለት የሚል ቤት ሄደች፤ መሬት ላይ ያለው ጂ ፕላስ ሦስት ነው። ባለቤቱ ለስላሳ አስመጡላት። ቡናም ቀረበ። «የኔ ልጅ፣ ለልጆቼ ነው፤ አራተኛዋንም አብረሽ ገምቻት» አሏት። ቡናውን ጠጣች፤ አራተኛዋን ግን አላስገባችም። ቢሮ ስትመለስ ስልኳ ላይ ሁለት አለቃ ደውሎ ነበር።

ይህን የምነግርሽ ሥራው ደመወዙ በጊዜው የሚገባ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሚያርፉበት ስለሆነ ብቻ አይደለም። ጫናው ምን እንደሚመስልም እንድታውቂ ነው። ደግሞም ባንክም እንደ ድሮው አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ባንኮች በዓመት ብድር የሚያሳድጉበት ላይ 14 በመቶ ጣሪያ አድርጎ ነበር፤ በኋላ ከፍ ቢያደርገውም፣ ብድር ሲጠብ ግምትም ይጠባል፣ ቅጥርም ይጠባል። ስለዚህ ባንክን እንደ ገነት አትዪው። ከበሮቹ አንዱ ነው።

እንዴት ታጣሪያለሽ? ማስታወቂያ በማንበብ ብቻ አይደለም። የረቡዕና የእሑድ ሪፖርተርን፣ የቴሌግራም ቻናሎቹን ሁሉ እዪ፤ ግን ከማመልከትሽ በፊት እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ፈልጊ። ከባችሽ ውስጥ አማካሪ ድርጅት የገባ ልጅ አይጠፋም። ሻይ ጋብዢው። ደመወዙን መጨረሻ ላይ ጠይቂው። መጀመሪያ «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሠራህ?» በዪው። ሰው ስለ ሥራው በጥቅሉ ሲያወራ ያጋንናል፤ ስለ ትናንት ሲያወራ ግን ብዙ አይዋሽም። የነገረሽ ቀን አንቺ ልትውዪው የምትችዪው ቀን ከሆነ አመልክቺ።

ስለ ኮዲንጉ ደግሞ። ሐምሌ 2016 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው ያ ኮርስ ነፃ ነው፣ ኦንላይን ነው፣ መጥፎም አይደለም። ሁለቱን በመጨረስሽ ጎበዝ። ግን ስሙ ላይ ራሱ አምስት ሚሊዮን ይላል። አምስት ሚሊዮን ሰው እንዲይዘው የታሰበ ሰርተፊኬት ብቻውን ሥራ አያስቀጥርም። መግቢያ ነው። ከመግቢያው እስከ ደመወዙ ያለው መንገድ ደግሞ ረጅም ነው፤ «አልጠላሁትም» በሚል ስሜት የሚዘለቅ አይመስለኝም። ደመወዝ ዘገየ ብለሽ በጭንቀት ሮጠሽ አትግቢበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ይልቅ ይህን ሞክሪ። በየወሩ ፔይመንት ስትሠሪ እጅሽን የሚያሳምምሽ የኤክሴል ሥራ አለ አይደል? ከቴክኦፍ ሺቱ (ከልኬት ቅጹ) ወደ ማጠቃለያው፣ ካለፈው የክፍያ ሰርተፊኬት ወደ አሁኑ የምትገለብጪው። የተማርሽውን ይዘሽ እሱን በራሱ እንዲሠራ አድርጊው። የማንንም ፈቃድ አይፈልግም፣ ገንዘብም አያስወጣም። ወር ሁለት ወር ስጪው። ጀምረሽ ሰዓቱ ሳይታወቅሽ እኩለ ሌሊት ከሆነ፣ ከኮዲንግ ጋር ነገር አለሽ ማለት ነው፤ ያኔ ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ፣ ሌላ መልስ እሰጥሻለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ከተውሽው ደግሞ ሥራ ሳትለቂ አወቅሽው። በሁለቱም መንገድ ፔይመንት የሚሠራ ፋይል ይተርፍሻል። ኮድ ብቻ የሚችል ብዙ ነው፤ የአርማታ መጠን እንዴት እንደሚለካ የሚያውቅ ፕሮግራመር ግን ስንት አለ?

ማስተርሱን በአጭሩ ልመልስ። ምን እንደምትሆኚበት ካወቅሽ ተማሪ። ምን እንደምሆን እስካውቅ ልማር ከሆነ ግን ሁለት ዓመት መደበቂያ ነው፤ ያውም የምትከፍዪበት መደበቂያ። ወደ ውል አስተዳደሩ መስመር ከገባሽ በኋላ የኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ማታ መማር ትርጉም ይኖረዋል። ያኔ ክፍል ውስጥ የምትጠይቂው ጥያቄ ከቢሮሽ የመጣ ይሆናል።

አሁን መልቀቅ የሚባለውን ነገር እናንሣ። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ፤ ድፍረት የሚጠይቅ ሳይሆን ወረቀትና ሒሳብ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው።

እቁቡን ይዤ እለቃለሁ ያልሽው አስፈርቶኛል። ጥር ላይ ሲደርስሽ ገንዘቡ ያንቺ ይመስላል። ግን ዙሩ ካላለቀ ቀሪውን በየወሩ ትከፍያለሽ። ማለት ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕዳ ነው። ሥራ ለቅቄያለሁ ብትያቸው ዳኛውም ዋስሽም አይሰሙሽም። ስለዚህ ስትቆጥሪ የደረሰሽን ብር ሳይሆን ቀሪውን ክፍያ ቀንሰሽ የሚተርፈውን ቁጠሪ። ከእሱ ላይ የወንድምሽን የትምህርት ወጪ፣ ለእናትሽ የምትሰጪውን፣ የራስሽን ታክሲና ምሳ አስቢ። ስንት ወር ይሄዳል? ስድስት ወር ካልሞላ፣ ሌላ ሥራ ፈርመሽ ሳትይዢ አትልቀቂ። ይህ ለሁሉም ሰው የምለው አይደለም። ብቻዋን ለምትኖር፣ ወላጆቿ ለሚረዷት ልጅ ሌላ ነገር እል ነበር። አንቺ ግን ሰው ተሸክመሻል።

ውልሽን አውጪና አንብቢ። በኮንስትራክሽን ብዙ ሰው የሚቀጠረው «ለዚህ ፕሮጀክት» ተብሎ ነው፤ ያንቺ እንደዚያ ነው ወይስ ጊዜው ያልተወሰነ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 ነው። በፈቃድሽ ስትለቂ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ትሰጫለሽ። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል፤ ድርጅቱ አስተምሮት የግዴታ ውል ከሌለበት በስተቀር። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ነው። ስድስት ዓመትሽን ሲያስቡት የ80 ቀን ደመወዝ ይሆናል። ብዙ ሰው አምስት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው ተናድዶ የሚለቀው ይህን ሳያውቅ ነው። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰብልሻል። ሒሳቡ ሥራው በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት ይላል አዋጁ።

ይላል እንጂ፣ ደመወዝ ሁለት ወር የሚያዘገይ ድርጅት የስንብት ክፍያውን በሰባት ቀን ያወጣል ብለሽ እቅድ አትሥሪ። ከመጣ መጣ። ደመወዝ በተደጋጋሚ ሲዘገይ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅም ይቻላል፤ አሠሪው መሠረታዊ ግዴታውን ደጋግሞ ሲጥስ ሕጉ ይፈቅዳል። ግን ምክንያቱን በጽሑፍ ማስቀመጥ አለበት፣ የጊዜ ገደብም አለው። በስሜት የሚደረግ ነገር አይደለም። ወደዚያ የሚያደርስሽ ከሆነ መጀመሪያ የሠራተኛ ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሪ።

የሥራ ልምድ ማስረጃሽን ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቂ። ስትለቂ ሳይሆን ዛሬ። ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። ደርቆ «ኢንጂነር ሆና ሠርታለች» ብቻ ተብሎ እንዳይወጣ። ሳይት ኢንጂነር ከመቼ እስከ መቼ፣ ኦፊስ ኢንጂነር ከመቼ እስከ መቼ፣ የክፍያና የክሌም ዝግጅት እንደሠራሽ ተለይቶ ይጻፍ። እንዲህ ያለውን ረቂቅ ራስሽ ጽፈሽ ለሰው ኃይል ብትሰጪ ይደሰታሉ፤ ሥራ ቀነስሽላቸው። አሁን የምታውቂው ሰው እዚያ እያለ አስፈርሚው። ሳይት እየቆመበት ያለ ድርጅት ነገ ማን እንደሚቆይበት አይታወቅም። ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት የሚጠይቁ ቀጣሪዎችም ብዙ ናቸው፤ በተለይ መንግሥት ቤት። እሱንም አብረሽ አስጨርሺ። ስንት ሰው ፈተና አልፎ በዚህ ወረቀት ይወድቃል መሰለሽ!

ጡረታሽንም አረጋግጪ። ከደመወዝሽ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪሽ 11 በመቶ ይጨምራል፤ ፔይሮል ላይ የተቆረጠው በእውነት ገብቷል ወይ? የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ሄደሽ ወይም ደውለሽ ጠይቂ። ሥራ ብትቀይሪም ዘመኑ ይደመራል፤ ለጡረታ አበል ቢያንስ አሥር ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ስድስቱ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ገና እዚያ እያለሽ ነው መጮህ ያለብሽ።

ስለ እናትሽ። «ኢንጂነሯ ልጄ» የምትለው ስለ አርማታ አይመስለኝም። ልጄን አስተምሬ ሰው አደረግኩ ማለቷ ነው። አማካሪ ቢሮ ብትገቢም፣ ባንክ ብትገቢም ኢንጂነሯ ልጇ ነሽ። ስለዚህ አሁን ገና ምንም ሳይያዝ «ሥራ ልለቅ ነው» ብለሽ እንቅልፍ አታሳጫት። የሚነገር ነገር ሲኖር ንገሪያት። ለወንድምሽ ግን ዛሬ ንገሪው። ትልቅ ልጅ ከሆነ ወጪውን ማወቅ አለበት፤ ምናልባት እረፍት ላይ የሆነ ነገር ሠርቶ ያግዝሻል። የቤት ሸክም ብቻሽን የተሸከምሽው ጠይቀሽ እምቢ ብለውሽ ነው ወይስ ሳትጠይቂ ቀርተሽ?

የፖላንዱን ነገር በመጨረሻ ያመጣሽው አንቺም ስላላመንሽው ይመስለኛል። ትክክል ነሽ፤ አትክፈዪ። ውጭ አገር ሥራ የሚያገናኝ ሰው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ለዘመድሽ ሦስት ነገር ጠይቂው፤ የኤጀንሲውን የፈቃድ ቁጥር፣ የቀጣሪውን ኩባንያ ስምና አድራሻ፣ የሥራ ውሉን ቅጂ። ፈቃዱን ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ማረጋገጥ ይቻላል። «መጀመሪያ ግማሹን ክፈይ፣ ወረቀቱ በኋላ ይመጣል» ካለሽ ውይይቱ እዚያ ላይ አበቃ። ዘመድ ስለሆነ ይከፋው ይሆናል፤ ይከፋው።